ወንዝ የቀበረውን ጫካ ወንዝ ሲገልጠው

 

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በቦሌ አራብሳ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ ወረድ ብሎ ያለው መሬት ገና ጭቃ ነው። የነሐሴ ጎርፍ ያመጣው ደለል በየቦዩ ጠርዝ እንደ ሊጥ ለስልሶ ተኝቷል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የላስቲክ ቁራጭና የሣር ሥር ላዩ ላይ ተጣብቋል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አንዷን ቅጠል በስንጥር ቀስ አድርገው ሲያነሷት ጭቃው ላይ ምስሏ ቀርቶ ያገኙታል። መሐል ለመሐል የሚያልፈው ወፍራም ጅማት፣ ከእሱ ግራና ቀኝ የሚወጡት ቀጫጭኖች፣ ትል የበላው ጠርዝ ሳይቀር ታትሟል።

ያ ምስል ዕድሜው አጭር ነው። ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ ስትበረታ ደለሉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠርዝ ጠርዙ እንደ እንጀራ ይነሳል። ኅዳር ላይ የሰውና የበግ እግር ረግጦት አቧራ ይሆናል። ቅጠሏም ምስሏም አብረው ይጠፋሉ። የሚወድቅ ቅጠል ሁሉ ዕጣው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ከሞላ ጎደል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ በጭልጋ ምድር፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የወደቁ ቅጠሎች ዛሬም ጅማታቸው ይቆጠራል። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የምንላት ቅሪተ አካል ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጭልጋ ቅጠሎች ዕድሜ የእሷን ከ8 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የቦሌ አራብሳዋን ቅጠል ሁለት ወር ያላቆየ ምድር የጭልጋዋን ይህን ያህል ዘመን እንዴት አቆያት?

መልሱ ያለው በአየር ላይ ነው። ቅጠልን የሚያጠፉት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች፣ ሻጋታ፣ ትልና ምስጥ ናቸው። እነዚህ አብዛኞቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ቅጠል ከወደቀ በኋላ በፍጥነት ከአየር ከተለየ መበስበሱ በጣም ይዘገያል፤ በላዩ ላይ ሌላ ደለል እየተጫነ ከሄደ ደግሞ ከነቅርጹ ይጨመቅና ከድንጋዩ ጋር አንድ ይሆናል።

የምሥራቅ አዲስ አበባው ኮትቻ አፈር ግን የዚህ ተቃራኒ ባሕርይ አለው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያ ስንጥቅ አየር ወደ ጥልቁ ይገባል፣ በውስጡ የነበረውም የዕፅዋት ቅሪት ይቃጠላል ማለት ይቻላል። ቤት ሠሪዎች የግድግዳ መሰንጠቅ አምጥቶባቸው የሚያማርሩት ይህ አፈር ለቅጠልም ደግ አይደለም።

ወንዝ ዳር ነገሩ ይለወጣል። ሙሉ ወንዝ ከአፉ ፈስሶ ሜዳ ላይ ሲተኛ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን ማስቀመጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ጠጠሩንና አሸዋውን እዚያው ጠርዙ ላይ፣ ከዚያ ደቃቁን ጭቃ ራቅ አድርጎ። ቅጠል ለጥቂት ጊዜ ይንሳፈፋል፣ ውኃ ሲጠጣ ይከብድና ከደቃቁ ጭቃ ጋር ይሰጥማል። ወንዙ አቅጣጫውን ቀይሮ ጥሎት የሄደው ጥምዝ ደግሞ ውኃው የማይነቃነቅ ኩሬ ይሆናል። እንዲህ ያለ ኩሬ ታችኛው ጭቃ ጥቁርና ሽታ ያለው ነው፤ ሽታው ራሱ ኦክስጅን እንደሌለ ይናገራል። በየዓመቱ ጎርፍ አንድ ስስ ንጣፍ ይጨምራል፣ በየንጣፉም መካከል የዓመቱ ቅጠል ይተኛል።

አሁን ወደ ጭልጋ እንሂድ።

የጭልጋ ከተማ አይከል ናት። በአካባቢው የሚፈሰው ጓንግ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ ኋላም ዓባይን ይቀላቀላል። የምድሩ መሠረት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ወጥቶ የኢትዮጵያን ሰሜናዊ ከፍታ ያለበሰው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ያ ታላቅ ፍሰት ጋብ ሲል በድንጋዩ ዝቅታዎች ላይ ወንዞችና ረግረጎች ተፈጠሩ። እነሱም ለረዥም ዘመን ጭቃ፣ አሸዋና ከሩቅ የተተፋ የእሳተ ገሞራ አመድ አጠራቀሙ። የአካባቢው ሰው የሚያውቀው የድንጋይ ከሰልም የዚያው ረግረግ ልጅ ነው። ከሰሉ በውኃ ውስጥ ተከማችቶ የተጨመቀ ዕፅዋት ነው።

ዛሬ ጓንግና ገባሮቹ ያንን ሁሉ ንብርብር እየቆረጡ ይወርዳሉ። በክረምት የወንዙ ዳር ሲናድ አዲስ ግድግዳ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ግራጫና ነጣ ያሉ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ይታያሉ። ጥንታዊው ወንዝ የቀበረውን የዛሬው ወንዝ ይገልጠዋል።

እዚህ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ከአሜሪካ ሳዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ የጥንተ ዕፅዋት ተመራማሪዋ ቦኒ ጄኮብስ፣ የጥንት አፈር ባለሙያው ኒል ታቦርና የቅጠልና የዘንባባ ቅሪቶችን ያጠናው አሮን ፓን ይጠቀሳሉ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙሉጌታ ፍስሐ፣ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጆን ካፕልማን አብረው ሠርተዋል። የካፕልማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የጭልጋን ጥንታዊ እንስሳት ለዓለም አስተዋውቋል። ከነሱ መካከል ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ያሉት አርሲኖይቴሪየም እና ልዩ ልዩ የዝሆን ቅድመ አያቶች ነበሩ። አንደኛው የዝሆን ዘመድ በቦታው ስም ጭልጋቴሪየም ተብሏል። በዚያን ዘመን አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያና ከአውሮፓ በባሕር የተለዩ ነበሩ። ስለዚህ የጭልጋ እንስሳትና ዕፅዋት አፍሪካ ከሌላው ዓለም ጋር ሳትቀላቀል በፊት ምን እንደነበራት ይመሰክራሉ።

እነዚያ እንስሳት ምን ዓይነት ጫካ ውስጥ ይኖሩ ነበር? መልሱን የሚሰጡት ቅጠሎቹ ናቸው።

የቅጠል ቅሪት ያለበት ድንጋይ ሲመታ እንዲሁ አይሰበርም። ሙያተኛው በመዶሻና በመሮ ጠርዙን እየዳሰሰ ንብርብሩ የሚለያይበትን መስመር ይፈልጋል። ሲያገኘው አንዴ መታ ያደርገዋል፤ ድንጋዩም እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ሆኖ ይከፈታል። በአንደኛው ገጽ ላይ ጠቆር ያለችው ቅጠል አለች። በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ አሻራዋ አለ፤ ልክ የቦሌ አራብሳዎቹ ልጆች ቅጠሏን ከጭቃው ላይ ሲያነሱ እንዳገኙት። ሁለቱም ገጾች አንድ ቁጥር ይጻፍባቸዋል፣ በለስላሳ ወረቀት ይጠቀለላሉ። ከየትኛው ንጣፍ፣ ከየትኛው ከፍታ እንደወጡም በማስታወሻ ይሰፍራል። ንጣፏ ያልታወቀ ቅጠል ዕድሜዋም ጎረቤቷም ስለማይታወቅ ከምስክርነቷ አብዛኛውን ታጣለች።

በጓንግ ዳር እንዲህ ከተከፈቱት ድንጋዮች ዘንባባዎች ወጥተዋል። አንደኛው ከዶም ዘንባባ ወገን ሲሆን ሃይፋኔ ካፕልማኒ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ሌላው ኤረሞስፓታ ጭልጋኤንሲስ ይባላል። ይህኛው በሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ፣ የወንበርና የቅርጫት መሥሪያ ራታን ከሚገኝበት ወገን ነው። የኤረሞስፓታ ዘመዶች ዛሬ የሚበቅሉት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዝናባማ ደኖች ነው፤ በኢትዮጵያ የሉም። በዚያ ዘመን ግን በጭልጋ ነበሩ። ከዘንባባዎቹ ጋር ከጥራጥሬ ቤተሰብ የሆኑ ዛፎች፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ ከሚባለው ሥራ ሥር ወገን የሆነ ሐረግ፣ የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ አባላት ተገኝተዋል። እናቶቻችን ለጥርስ መፋቂያ የሚቆርጡት ልምጭም የዚሁ የሎሚ ቤተሰብ አባል ነው።

ባጭሩ ዛሬ ጤፍና ማሽላ የሚታረስበት፣ በጋው ደረቅ የሆነው ምድር በዚያን ጊዜ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር።

በዚያ ጫካ ላይ አመድ ዘነበ። እሳተ ገሞራ የሚተፋው አመድ ቅጠልን ከወንዝ ጭቃም ይበልጥ በፍጥነት ይከድናል፤ የቅጠሉን ጥቃቅን ገጽታም በሚገባ ይይዛል። ከዚያም ሌላ ሥራ ይሠራል። ዝናብ በአመዱ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካ የተባለውን የመስተዋት ንጥረ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ያ ውኃ በተቀበረ ግንድ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካው በእንጨቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ውስጥ እየረጋ ይሞላቸዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግንዱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ቅርፊቱ፣ ቀለበቱና የውኃ መሳቢያ ቱቦው ግን በማይክሮስኮፕ ይለያሉ። በጭልጋ ሥራቸው እንደተተከለ የቀሩ ዛፎች ያሉበት ንብርብር የተገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

ከአመዱ በላይ ምን መጀመሪያ በቀለ? ይህም ተመዝግቧል። ከጭልጋ የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች አክሮስቲኩም የተባለ የፈርን ወገን ተለይቷል። ፈርን ዱቄት በሚመስል የመራቢያ ብናኙ በነፋስ ሩቅ ስለሚሄድ ባዶ መሬትን ቀድሞ የመያዝ ልማድ አለው። በኢንዶኔዥያ የክራካታው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1883 ፈንድታ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከጠፋባት በኋላ በ3ኛው ዓመት የደረሱ የዕፅዋት ተመራማሪዎች በብዛት ያገኙት ፈርን ነበር። የጭልጋ ጫካም ከደረሰበት ጥፋት በተመሳሳይ መንገድ እንዳገገመ ንብርብሮቹ ያሳያሉ።

አድማጮች፣ ቅጠል የዛፉን ስም ብቻ አይደለም የሚናገረው። የአየሩንም ነገር ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ቤይሊ እና ሲኖት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። ሞቃት በሆነ አገር አብዛኛው የዛፍ ቅጠል ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ቀዝቃዛ በሆነ አገር ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ቅጠል ይበዛል። ስለዚህ ከአንድ ንብርብር የወጡ የዛፍ ዝርያዎችን ለይቶ ከነሱ ስንቱ ልሙጥ ጠርዝ እንዳለው መቁጠር የዚያን ዘመን ሙቀት ለመገመት ይረዳል። የቅጠሉ ስፋት ደግሞ ዝናቡን ይጠቁማል። ውኃ የጠገበ ጫካ ሰፋፊ ቅጠል ያወጣል። ውኃ ያጠረው ግን እንደ ግራር ቅጠሉን ያሳንሳል።

ከዚህም የረቀቀ ምስክርነት አለ። ቅጠል የሚተነፍስባቸው ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ተክል ብዙ ቀዳዳ አያስፈልገውም። የቅጠሉ ስስ ሽፋን በቅሪቱ ላይ ካለ ተመራማሪዎች ቀዳዳዎቹን በማይክሮስኮፕ ቆጥረውና ለክተው የጥንቱን አየር ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የጭልጋን ቅጠሎች ከእነሱ 5 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ከሚያንሱ ሌሎች የኢትዮጵያ ቅጠሎች ጋር አወዳድሮ፣ በመካከሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። የዓለም ሳይንቲስቶች ስለ ምድር መሞቅ ሲከራከሩ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ከኢትዮጵያ ጭቃ የወጣ ቅጠል ነው ማለት ነው።

እነዚያ ታናናሾቹ ቅጠሎች የተገኙት ለአዲስ አበባ በጣም በሚቀርብ ቦታ፣ በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው የሙሽ ሸለቆ ነው። ዕድሜያቸው 21.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እዚያ ቅጠሎቹን የያዘው የሐይቅ ደለል ነው፤ ጸጥ ያለ ውኃ ስለነበረ ንብርብሮቹ እንደ ወረቀት ስስ ናቸው። ክንፍ ያለው የኒውቶኒያ ዘር ከዚያው ወጥቶ ኒውቶኒያ ሙሸንሲስ ተብሏል። ነፍሳት የቀደዷቸው፣ የቦረቦሯቸውና ጠርዛቸውን የበሏቸው ቅጠሎችም ስላሉ ተመራማሪዎች ዛፉን ብቻ ሳይሆን በዛፉ ላይ ይኖር የነበረውን ተባይም ከአበላሉ ይለያሉ። ከቦሌ አራብሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲመለከቱ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ አሮጌ ድንጋይም ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው። እንጦጦን የሠራው እሳተ ገሞራና የሙሽ ሐይቅ የአንድ ዘመን ሰዎች እንደሚባለው የአንድ ዘመን ነገሮች ናቸው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሌላ ምስክር አለ። ፈረንሳዊቷ የጥንት የአበባ ብናኝ ተመራማሪ ሬይሞንድ ቦንፊል ከባልደረባዋ ሌቱዜ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ከኦሞ ደለል የወጡ የአንትሮካርዮን ፍሬዎችን አስተዋውቃለች። አንትሮካርዮን ዛሬ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ የደን ዛፍ ነው። ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ወንዝ አንከባሎት እንኳ ሳይሰበር ቀርቷል። ዙሪያው ሣር ሜዳ በሆነበት ዘመን በወንዙ ዳር ግን ጫካ ተከትሎ ይሄድ እንደነበር እንዲህ ያለ ፍሬ ያስረዳል። በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው አርዲፒቴከስ ራሚደስ ጋር የዛፍ ዘሮች ተገኝተዋል። ያ ጥንታዊ ፍጥረት ዛፍ ባለበት ምድር ይኖር እንደነበር ለማስረዳት ከአጥንቱ ጎን ዘሮቹም ተቆጥረዋል።

አዋሽን ካነሳን የቦሌ አራብሳዋን ቅጠል መንገድ መከተል ይቻላል። የምሥራቅ አዲስ አበባ ጅረቶች ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ የስምጥ ሸለቆውን ይዞ፣ ሉሲ በ1967 ዓ.ም. በተገኘችበት በሐዳር በኩል ያልፍና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ዛሬ የእኛ ቅጠሎች አብዛኛዎቹ ያን ያህል አይጓዙም። በአባ ሳሙኤልና በቆቃ የተገደበው ውኃ ደለሉን እዚያው ያስቀረዋል። በዚያ ደለል ውስጥ ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ጋር ይተኛሉ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ፣ የአበባው ብናኝ በአንድ የጭቃ ንጣፍ ውስጥ ከተገኘ ያ ጭቃ ከዚያ ወዲህ የተኛ መሆኑ ይታወቃል። ተመራማሪ በጓንግ ዳር የሚሠራው ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የዘመኑ ርዝመት ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የቆመው ግን በሚናድ ዳርቻ ላይ ነው። ወንዝ የገለጠው ቅጠል ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይፈረካከሳል። ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት ወይም ለከሰል የሚቆፈር ጉድጓድም እንዲሁ ብዙ ያወጣል፣ ብዙም ያጠፋል። ስለዚህ በቁፋሮ ላይ ያለ ሠራተኛ ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ የቅጠል ምስል ያለበት ወይም ድንጋይ የሆነ እንጨት ቢያገኝ ከቦታው ባያነሳው ይመረጣል። ፎቶ ማንሳት፣ ቦታውን ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን መንገር ይበቃል። ድንጋዩ ከንጣፉ ሳይለይ የሚያየው ባለሙያ ሲመጣ ዕድሜውን ከላይና ከታች ካለው አመድ መለካት ይችላል።

ለትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ክዳን ያላቸው የመስተዋት ማሰሮዎችና ሁለት ተመሳሳይ ቅጠሎች ያስፈልጋሉ። በአንደኛው ማሰሮ ቅጠሉ በእርጥብ ልቅ አፈር ይሸፈናል፤ ክዳኑ ሳይከደን አየር እንዲያገኝ ይተዋል፣ አፈሩም በየሳምንቱ በጥቂቱ ይረጠባል። በሌላው ቅጠሉ ከወንዝ ዳር በመጣ ደቃቅ ጭቃ ይቀበራል፣ በላዩ ውኃ ይሞላል፣ ክዳኑ ይገጠማል። ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ይለጠፋል። ከ3 ወር በኋላ ማሰሮዎቹ ከክፍል ውጪ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይከፈታሉ። ከመጀመሪያው ማሰሮ ምናልባት ወንፊት የመሰለ ጅማት ወይም ጥቁር ብጣሽ ይወጣ ይሆናል። ከሁለተኛው ቀድሞ የሚወጣው እንደ ተበላሸ እንቁላል ያለ ሽታ ነው፤ እሱ ኦክስጅን የማጣት ምልክት ነው። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ጭቃውን በቢላ ጫፍ ገለጥ ያደርጉትና ቅጠሏ ከነጠርዟ መቅረት አለመቅረቷን ያያሉ፣ ያዩትንም በደብተራቸው ይስላሉ።